መንስኤው ያልታወቀ

የምሠራው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ያለሁበት ሰሜን ቨርጂኒያ ሐበሻ እንደበዛበት ሁሉ ቦሊቪያዊም በዝቶበታል። አንዳንዴ አልጋው ላይ የሚተኛልኝ ሰው ስኳር የለበትም፣ ግፊት የለበትም፣ የልቡ ደም ሥሮችም አልተደፈኑም። ልቡ ግን ተለጥጦ ደክሟል፤ ጫፉ ሳስቶ እንደ ከረጢት ወደ ውጭ ተነፍቷል። ወረቀቱ ላይ «መንስኤው ያልታወቀ» ተብሎ ይሄዳል። የት ተወለድክ፣ ያደግክበት ቤት ከምን ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

ሰሞኑን በላቲን አሜሪካ ተባይ ስለሚያስተላልፈው፣ ልብን ስለሚያደክመው የቻጋስ በሽታ የተጻፉ ጥናቶችን እያነበብኩ ነው። ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን እንቅልፍ እየነሳኝ ነው።

አገኛኘቱ ራሱ የተገለበጠ ነው። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ በሚናስ ዤራይስ ግዛት ወዳለችው ላሳንስ የሄደው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከወባ ሊከላከል ነበር። እዚያ አንድ መሐንዲስ፣ ቀን በጭቃ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ተደብቆ የሚውል፣ ሌሊት ወጥቶ የተኛ ሰው ፊት ላይ ደም የሚመጥ ተባይ አሳየው። የትኋን የሩቅ ዘመድ ነው፣ በመጠን ግን እጅግ ይበልጠዋል። ቻጋስ አንጀቱን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተውሳክ አገኘበት። በሽተኛ ፍለጋ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላው ሐኪም በሽታውን ይዞ መንስኤውን ሲያስስ እሱ መንስኤውን ይዞ በሽታውን አሰሰ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1909 ቤሬኒሴ በምትባል የ2 ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ አገኘው። ቤሬኒሴ ከ70 ዓመት በላይ ኖራለች፤ በስተርጅናዋ ስትመረመርም ተውሳኩ አብሯት ነበር።

(የተውሳኩን ወገኖች እኛም እናውቃቸዋለን። በጊቤ ሸለቆ በሬ የሚያከሳው፣ የፄፄ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የዚሁ ዘር ነው።)

አስቸጋሪ የሚያደርገው ዝምታው ነው። ተባዩ ደም መጥጦ እዚያው ይጸዳዳል፤ ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሲያክ ተውሳኩ በተነከሰው ቦታ ወይም በዓይኑ ይገባል። ከእናት ወደ ፅንስ፣ በደም ልገሳ፣ ተባዩ በበከለው ምግብና ጭማቂም ይተላለፋል። ጥቂት ቀን ትኩሳት ይኖራል፣ ብዙውን ጊዜ እሱም የለም። ከዚያ 10፣ 20፣ 30 ዓመት ምንም አይሰማም። ከተያዙት ውስጥ ሲሶው ገደማ ልቡ ይጎዳል፤ የአንዳንዱ አንጀት ወይም ጉሮሮ ይለጠጣል። ደህና ነኝ ሲል ውሎ በድንገት የሚሞትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 7 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደተያዘ ነው፤ መያዙን የሚያውቀው ከ10 በመቶ አይበልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በሽታው ዓለምን በዓመት 7.19 ቢሊዮን ዶላር ያስከፍላል ይላል። ለሕክምና የሚወጣው 627 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። የቀረው አብዛኛው በሐኪም ቤት ደረሰኝ የማይገኝ ወጪ ነው፤ ልቡ ደክሞ ሥራ ያቆመ፣ በጉልምስናው የተቀበረ ሰው ሊሠራ ይችል የነበረው ሁሉ። ከጠቅላላው ከ10 በመቶ የሚበልጠው የሚመጣው ከአሜሪካና ከካናዳ ነው። ይህን አልጠበቅኩም ነበር። እኔ ግን እውነተኛው ሸክም ከዚህም ይከብዳል ባይ ነኝ፤ ይህ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም፣ «መንስኤው ያልታወቀ» ተብሎ የተጻፈን ሰው ማን ይቆጥረዋል?

ያለው መድኃኒት ሁለት ነው፣ ቤንዝኒዳዞልና ኒፉርቲሞክስ። ሁለቱም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ሙከራ በ5 የላቲን አሜሪካ አገሮች 2,854 የልብ ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ቤንዝኒዳዞል ተውሳኩን ከደማቸው ቀነሰ፣ ልባቸውን ግን አላዳነም፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 27.5 በመቶው፣ ካልወሰዱት 29.1 በመቶው ሞት ወይም ከባድ የልብ ችግር ደርሶባቸዋል። ልዩነቱ የሚቆጠር አይደለም። ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ማከሙ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። እነዚህ ሰዎች ወደ ሙከራው የገቡት ልባቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ የታከመ ሕፃን የመዳን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ ሳታረግዝ የታከመች ሴትም ለልጇ የማስተላለፏ ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ማን ይመረመራል የሚለው ነው። የመድኃኒቱ ድክመት ሁለተኛ ነው። ቤት በመርጨት ብዙ መሥራት እንደሚቻልማ ታይቷል፤ ደቡባዊዎቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1991 ተባብረው ከጀመሩት በኋላ ኡራጓይ በ1997 በሽታው በተባዩ መተላለፉን አቋርጣለች። ቀድሞ የተያዘውንና ተሰዶ እዚህ የመጣውን ግን ርጭት አይደርስለትም።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ በቦሊቪያ የኮቻባምባ ገጠር ልጅ ናት። ዛሬ ምሳ ላይ ጠየቅኋት። ያደገችው በጭቃ ቤት ነው፤ ተባዩን ስትገልጽልኝ በጣቷ መጠኑን እያሳየች ሳቀች። እናቷ የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞላቸዋል። «እኛ ጋ ይሄ የተለመደ ነው» አለችኝ። እሷ ግን ተመርምራ አታውቅም። አንድ የደም ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃ፣ በሌላ ዓይነት ሁለተኛ ምርመራ መረጋገጥ እንዳለበት ነገርኳት፤ ሐኪሟ ካላወቀው እንድታሳየው ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ቀጠሮ ይዛለች። እዚህ የወለደቻቸውን ሁለት ሴት ልጆቿንም ልታስመረምር ነው፤ ትንሿ መርፌ ስለምትፈራ ለእሷ ገና አልነገረቻትም።