ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም

ደብረ ማርቆስ ላይ ድንኳን፣ ወንበር፣ መብራትና ሙዚቃ አከራያለሁ። ዕቃውን የምጭነው በትንሽ ተሳቢ ነው፤ የሚጎትተው አሮጌ ሃይሉክስ ነው። ጥር ከገባ ቅዳሜና እሁድ ቤቴ አላድርም። አንዱን ሳምንት ቢቸና፣ ሌላውን አማኑኤል፣ ሲብስ ሞጣ ድረስ። ድሮ ጄኔሬተር ነበር የምይዘው። ጩኸቱ ሽማግሌዎችን ያስመርራል፣ ቤንዚኑ ደግሞ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ተሳቢው ላይ የ100 አምፒር አወር ባትሪ ከነኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ለሙዚቃ ዕቃው ወደሚሆን ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ሳጥን ጋር፣ አስገጠምኩ። መኪናው ሲሄድ ዲናሞው የራሱንም የተሳቢውንም ባትሪ ይሞላል፣ ስደርስ አበራለሁ። በቃ፣ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ባትሪውን ሳጥን ውስጥ ማሰር፣ ባትሪው ለሚያወጣው ጋዝ መውጫ መተው፣ ኢንቨርተሩን ከዝናብ ማራቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማንም ብየዳ ቤት ይሠራላችኋል። እኔን ያቃጠለኝ ከመኪናው ወደ ተሳቢው ባትሪ የሚሄደው ገመድ ነው።

ገመዱን የዘረጋልኝ ኤሌክትሪሺያን ሰፈር ውስጥ ስም ያለው ሰው ነው። ፖዘቲቩን በኋላ መብራቱ መሰኪያ በኩል፣ ለፍሬቻ በሚሆን 1.5 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) ቀጭን ሽቦ አሳለፈው። ለኔጋቲቩ ገመድ የለም። «ሻንሲው ራሱ ማሳ አይደል? በጋንቾው ያልፋል» አለኝ። ማሳ የሚለው የኔጋቲቩን መመለሻ ነው፤ ጋንቾ ደግሞ ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው ባለ ኳስ ማያያዣ። ሪሌ፣ መኪናው ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ማብሪያ፣ ይግባ ስለው ገንዘብህን አታባክን አለኝ። ሞተር አስነስተን ተሳቢው ጋ ባለው ጫፍ፣ ባትሪው ገና ሳይታሰር፣ በቴስተር ለካሁ። 14.1 ቮልት። ደስ ብሎኝ ሻይ ጋበዝኩት። ያ ሻይ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ጥር ላይ ደብረ ወርቅ አካባቢ፣ መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ፣ አንድ ሰርግ ያዝኩ። አመሻሹ ላይ ሁሉም አምሮበታል። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ እስክስታው ሲጦፍ ኢንቨርተሩ ጢጢጢ ማለት ጀመረ። ቮልቱ ወርዷል ማለት ነው። ድንኳኑ ዙሪያ የሰቀልኳቸው የ12 ቮልት አምፖሎች ፈዘዙ። ሮጬ ሃይሉክሱን አስነሳሁ። ጢጢጢው እንዳለ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሙዚቃው ጥርቅም አለ፣ አምፖሎቹም የሲጋራ እሳት አከሉ።

ሰርገኛው አላቆመም። ከበሮና ጭብጨባ ተተካ፣ እንዲያውም ደመቀ። የሙሽራዋ አባት ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደኔ መጡ።

«አንት ልጅ፣ ብርሃን ብለህ ተዋውለህ ጨለማ ልትሸጥልን ነው?»

«ይቅርታ አባባ፣ ባትሪው ነው» አልኳቸው።

«እኔ ከባትሪው ጋር አልተዋዋልሁም።»

ፋኖስ ከእልፍኝ ወጣ። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ ጋቢና ውስጥ ተኛሁ፣ ከእፍረት ጋር። ጠዋት ደግሞ ሃይሉክሱ አልነሳ አለ። ሪሌ ስለሌለው የሞተው የተሳቢው ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ የመኪናውን ሲጠጣ አድሯል። የማታዎቹ ሰርገኞች እየሳቁ ገፉኝ። ግማሽ ሒሳብ ተቀብዬ ሄድኩ፤ እሱንም በሰውየው ደግነት።

በኤሌክትሪሺያኑ ብናደድም ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ጅልነት ነው። «ባትሪው ነው» ያልኩትን ራሴም አመንኩት። ዐቢይ ጾም ገባ፣ 55 ቀን ሰርግ የለ። ባትሪውን ባዶውን መጋዘን ጥግ ላይ ወርውሬ ተውኩት። የአሲድ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከቆየ ቻርጅ አይቀበልም። ከፋሲካ በኋላ ሳወጣው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። ደህናውን ባትሪ በእጄ ገደልኩት ማለት ነው። አዲስ ገዛሁ። ግንቦት ላይ አማኑኤል ያው ጢጢጢ።

ያዳነኝ ቴክኒክ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩ በርቶ እያለ ለክተውታል?» አለኝ። አልለካሁም። አምስት ወር ሙሉ አልለካሁም።

ሞተሩን አስነስተን አምፕሊፋየሩን ከፈትን። ሃይሉክሱ ባትሪ ላይ 14.1። ተሳቢው ባትሪ ላይ 11.6። 2.5 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የመኪናው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተሳቢው ኔጋቲቭ ላይ አደረገ። ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። 1.6 አለ። ጎንበስ ብዬ ጋንቾውን አየሁት። ኳሱ ላይ ግራሶ፣ ግራሶው ላይ ቀይ አቧራ፣ ከሥሩ ዝገት። ልጁ ተሳቢውን በእግሩ ነቅነቅ ሲያደርገው ቁጥሩ ይዘላል። የቀረውን 0.9 ቀጭኑ ሽቦና መሰኪያው በልተውታል፤ አንዷ የመሰኪያ እግር ጠቁራለች።

ያ ሻይ ያስጋበዘኝ 14.1 ውሸት አልነበረም። ቧንቧ ሲዘጋ ግፊቱ ሁሌ ደህና ነው፤ ስትከፍቱት ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ዕቃ ሳይሠራ የተለካ ቮልት ምንም አይነግራችሁም።

መፍትሔው ሁለት ቀን ፈጀ። ከሃይሉክሱ ባትሪ እስከ ተሳቢው ድረስ ሁለት ባለ 16 ካሬ ገመድ ዘረጋሁ፣ አንዱ ለፖዘቲቭ፣ አንዱ ለኔጋቲቭ፣ ከራሳቸው መሰኪያ ጋር። የብየዳ ገመድ ነው የተጠቀምኩት፤ ወፍራም ነው፣ ይተጣጠፋል። ሪሌው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ያገናኛል። ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ፣ ለየባትሪው ቅርብ አድርጌ አስገባሁ። አንድ ይበቃል የሚላችሁን አትስሙ። ገመዱ መሐል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ከሁለቱም ባትሪ ነው እሳቱ የሚመጣው። የሪሌው ወረቀት ኔጋቲቩን ሻንሲ ላይ እሰር ይላል። መኪናው ላይ እሺ። ለተሳቢ ግን ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። አሁን በዚያው ጭነት የሚጠፋው 0.3 ቮልት ነው።

ዓመታዊ ምርመራ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። በፊት ያ የተቃጠለ መሰኪያ እያለ ፍሬቻና ፍሬን መብራት አይተው አሳልፈውኝ ነበር። አሁን መርማሪው ወፍራሙን ገመድ አይቶ «ከፋብሪካ ያልወጣ ነው፣ ፍታው» አለ። ፊውዙን ባሳየው፣ ሪሌውን ባሳየው፣ ወይ ፍንክች። ፈታሁት። ቦሎዬን ተቀብዬ ከግቢው ወጥቼ ጥላ ሥር መልሼ አሰርኩት።

ይህን ሁሉ ሠርቼም ዲናሞው ብቻውን አይበቃም። እስከ አማኑኤል መንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው። በ10 አምፒር ቢሞላ እንኳ 5 አምፒር አወር ብቻ ይገባል። ግማሹ ላለቀ የ100 ባትሪ 50 ነው የሚያስፈልገው፣ ማለቂያው ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ዋናው ሙሌት ከቤት ነው፤ መብራት ካለ ዓርብ ማታ ቻርጀር ላይ አሳድረዋለሁ። ተሳቢው ጣሪያ ላይ 150 ዋት ሶላር ከነመቆጣጠሪያው አለ፣ ድንኳን ስንተክል ይሠራል። በጾሙም ባትሪው መጋዘን አይገባም፣ ሶላሩ ሥር ይቆያል። ሻጮች ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር፣ ማለትም ከዲናሞው የሚመጣውን ቮልት ለተሳቢው ባትሪ የሚያስተካክል ዕቃ፣ ካልገዛህ ይሉኛል። ዲናሞው በኮምፒውተር ለሚታዘዝ አዲስ መኪና ያስፈልጋል፤ ለኔ አሮጌ ሃይሉክስ ግን ያን ገንዘብ ሶላር ብገዛበት እመርጣለሁ። ሥራ ላይ ቮልቱ 12 ሲነካ ሙዚቃውን ቀነስ አደርጋለሁ። ዲጄው ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

ባለፈው ጥር እኚያው የደብረ ወርቅ አባት ደወሉ። ሁለተኛ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ጆሮዬን አላመንኩም። እንደደረስኩ ተሳቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ገመዱን በከዘራቸው ነካ አደረጉት፣ ምንም አላሉም። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አንድ አምፖል አልፈዘዘም። ዕቃ ስናነሳ ግን ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ፋኖስ ተሰቅሎ አየሁ። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ክብሪቱም አጠገቡ።