ተቀመጪበት

ዛሬ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ስሄድ ጋቢና ነበር የተቀመጥኩት። ከፊት የመጣ ሚኒባስ መብራት ብልጭ አደረገ። ሾፌራችን ወዲያው ገባው። «እህቴ፣ ቀበቶውን ጣል አድርጊው፤ ትራፊክ አለ።»

ሳብኩት። መቆለፊያው የለም።

«ጫፉን ተቀመጪበት» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። የእሱም እንደዛው ነው፤ ትከሻው ላይ አልፎ ታፋው ስር ገብቷል። ጨርቁ ከአንገቱ በኩል በላብ ጠቁሯል።

«ብንጋጭስ?»

«አይ፣ ዋናው ቅጣቱ ነው!»

ትራፊኩ አየት አድርጎን አሳለፈን። ቀበቶው ወዲያው ወረደ።

እሱን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ማስገባት አለበት፤ ቅጣት ከዕለት እንጀራው ነው የሚቆረጠው። አደጋው ግን ነገ ነው፣ ምናልባትም የሌላ ሰው። ትራፊኩም ቢሆን ቀበቶ መታየቱን እንጂ መታሰሩን አላየም። ተሳፋሪዎቹም ዝም። እኔም በበኩሌ በደንብ ተቀምጬበት ነበር።