ጅሩ ላይ ትራክተር አስገብተን ያመረትነው ጓል

አምና ግንቦት ላይ ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ካለው የቤተሰብ ማሳችን ታናሽ ወንድሜ ደወለና «ጋሼ ትራክተር መጥቷል፣ ሰው ሁሉ ወረፋ እየያዘ ነው፣ እናሳርስ ወይ?» አለኝ። እኔም አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ከኋላው ምን እንደተቀጠለበት እንኳን ሳልጠይቅ ብሩን በሞባይል ላክሁለት። አባባ «ትናንት ዘንቦበታል፣ መሬቱ አልጠነፈፈም» ብለው ነበር አሉ፣ ማን ሰምቷቸው።

የገባው ባለ ሶስት ዲስክ ፕላው ነው፣ እንደ ሳህን ክብ በሆኑ ብረቶች አፈር የሚገለብጥ የትራክተር ማረሻ። ጥቁሩን አፈር እንደ ሳሙና እየቆረጠ ገለበጠው፣ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። ከዛ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሆነ። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጓል ሆኖ ደረቀ፣ ሃሮ (ጓል መከስከሻ) ሊመታ የመጣው ትራክተር ጓሉ ላይ እየዘለለ አለፈ፣ መጨረሻ ላይ እናቴና የጎረቤት ልጆች በዱላ ሲፈልጡት ከረሙ። የጉልበት ሥራ ቀረልን ያልነው ይሄን ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ፈቃድ ወስጄ ራሴ ወረድኩ። ከዛ በፊት ወር ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ የማውቀውን የእርሻ ባለሙያ ሁሉ ስጨቀጭቅ ነበር። እኔ በሬ ወይስ ትራክተር ነው ጥያቄው ብዬ ነበር የማስበው፣ ለካ ዋናው ነገር ከኋላ የሚጎተተው ምንድነው፣ አፈሩስ ሲታረስ በምን ሁኔታ ላይ ነው የሚለው ኖሯል።

መጀመሪያ ስለ አባባ ማረሻ። ማረሻው አፈሩን ሰንጥቆ በሁለቱ ድግር ወደ ጎንና ጎን ይገፋዋል እንጂ አይገለብጠውም፣ ፈሩ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ስለሆነ በሁለት ፈር መሀል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ለዛ ነው ገመሳውን (የመጀመሪያውን እርሻ) በአንድ በኩል ከሄዱ አይማውን (ሁለተኛውን) አቋርጠው የሚሄዱት፣ ከዛ ስልስ (ሦስተኛው)፣ ለጤፍ ደግሞ አራቴም አምስቴም ይመላለሱበታል። ልጅ ሆኜ በልማድ የሚደረግ ነበር የሚመስለኝ። ደግሞ ቀላል ነው፣ ሞፈር ቀንበሩን አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል፣ ድንጋይ ሲያጋጥም እርፉን ትንሽ ቀና ማድረግ ነው፣ የሚደነዝዘው ብረቱ ብቻ ነው እሱንም አንጥረኛ ያሾለዋል። ጉዳቱ፣ በየዓመቱ አንድ ጥልቀት ላይ ሲመላለሱበት ከስር ጠጣር ንጣፍ ይፈጥራል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን የኛ መረሬ (ጥቁሩ አፈር) በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ድረስ እየተሰነጠቀ ራሱን ያርሳል። ስለዚህ «ጠለቅ አድርገህ እረስ» የሚለው ምክር ለሌላ አፈር ይሁን፣ ለጅሩ ብዙም አይገባኝም።

አፈር ገልባጩ ሞልድቦርድ? ለበሬ ይከብዳል፣ ጥቁር አፈር ደግሞ እርጥብ ሲሆን ብረቱ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል። ተውነው። የማይገለብጠውና በደረቁ ሰንጥቆ የሚሄደው ቺዝል ቀልቤን ስቦት ነበር፣ ገለባውም ከላይ ስለሚቀር፣ ግን በኛ አካባቢ የሚያከራይ አጣሁ። አንዱ ሰውዬ ደሞ ሮታቬተር (በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚያደቅ) አለኝ፣ «እንደ ዱቄት ነው የማደርግልህ» አለኝ፣ ዱቄት ማን ፈለገ! የጤፍ ዘር ደቃቅ ናት፣ የላላ አፈር ውስጥ ከሰመጠች አትወጣም፣ ሰው ከመዝራቱ በፊት ማሳውን በከብት የሚያስረግጠው እኮ ለዛ ነው። ስንዴ ብዘራበት እንኳ ዱቄቱ አንድ ዝናብ ከመታው በኋላ ከላዩ ቅርፊት ይሰራል።

የወሰንነው እንዲህ ነው፣ ሳር የበላውን የላይኛውን ማሳ አንዴ ብቻ በዲስክ ፕላው ማስገመስ፣ የቀረውን በበሬ ማረስ፣ መጨረሻ ላይ በማጠንፈፊያ ከፍ ያለ የመዝሪያ መደብ ማውጣት። ማጠንፈፊያ (ቢቢኤም የሚሉት ነው) መነሻው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው የሰሩት ነው፣ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል ስንዴው ከላይ ይቆማል። አሁን ከአንዱ ማረሻ ጋር የሚገጠም ቀለል ያለ ብረት አለ። እዚሁ ጅሩ፣ ኢነዋሪ ከተማ አካባቢ ያደገ ሰው መደቡን ያውቀዋል፣ እናቶቻችን ጎንበስ ብለው በእጃቸው አፈር እየዛቁ የሚሰሩት እሱኑ ነው፣ የእናቴን ጥፍር ሐምሌ ላይ ያየ ይሄ ብረት ለምን ልጅ ሆኜ አልነበረም ይላል።

ትራክተሩ በመጣ ቀን አባባ ማሳው መሀል ገብተው አንድ ስንዝር ቆፈሩና ከስር አፈር አወጡ፣ በመዳፋቸው መሀል እያሹ እንደ ቀጭን ትል አደረጉት፣ ክብሪት እንጨት እስኪያህል። አልተቆረጠም፣ ገና እርጥብ ነው ማለት ነው።

«ሂድ ልጄ፣ ዛሬ አይታረስም» አሉት ኦፕሬተሩን።

«አባቴ ነዳጅ አቃጥዬ ነው የመጣሁት እኮ!»

እኔ ነዳጁን ከፈልኩ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፣ አባባ አሁንም ቆፍረው አሹት፣ ትሏ ገና እርሳስ ሳታህል ቁርጥርጥ አለች፣ በእጃቸው ግባ ብለው ምልክት ሰጡት። አፈሩ ፈርከስ እያለ ወደቀ እንጂ እንዳምናው አላብረቀረቀም፣ አይማውን በሬዎቹ ያለ ጣጣ ሄዱበት።

አሁን ነሐሴ ነው፣ ስንዴው ጉልበት ደርሷል፣ ቦዩ ውሃውን እያወረደው ነው። ድንበሩ ጥግ ትራክተሩ ይዞርባት የነበረችው ቦታ ብቻ ተረግጣ ውሃ ቋጥራለች፣ እዛ ላይ ያለው ስንዴ ቢጫ ነው። ወንድሜ ከርሞ እሷን በበሬ ነው የምንገምሳት ብሏል።