«እምቢ አለች» እና «አልመለሰችም»

ለአንድ አነስተኛ ዐውደ ርእይ መግለጫ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ፣ የእንግሊዙ ቆንስል የሻምበል ቻርለስ ዳንከን ካሜሮን ጉዳይ ለእኔ ደረሰኝ። ብዙ ሰው ከዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞች አንዱ መሆኑን ከማወቅ አልፎ ስለዚህ ሰው ስለማይጠይቅ ሥራውን በደስታ ተቀበልሁት።

ካሜሮን፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች ቆስሎ የሞተውን ዋልተር ፕላውደንን ተክቶ በ1862 ምጽዋ ገባ። ንጉሡ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የንግሥት ቪክቶሪያ ምስጋና የተቀረጸበት ሽጉጥ ይዞላቸው መጣ፤ በዚያው ዓመትም ንጉሡ ለንግሥቲቱ የጻፉትን ደብዳቤ ተቀብሎ ላከ። ደብዳቤው በየካቲት 1863 ለንደን ቢደርስም በጊዜው መልስ አላገኘም፤ በጥር 1864 ቆንስሉ ታሰረ።

እኔ «ደብዳቤው በጊዜው መልስ ሳይጻፍለት ቀረ» ብዬ አቀረብሁ። ኃላፊው ሰርዞ «ንግሥቲቱ የንጉሡን ጥያቄ አልቀበልም አለች» ብሎ ጻፈበት።

«ጋሼ፣ ያው አይደለም እንዴ? ለጎብኚው ቶሎ የሚገባው ይኼኛው ነው» አለኝ።

«ያው አይደለም፤ እምቢ ለማለትም እኮ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል» አልሁት።

ዐሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ደብዳቤ እንዴት እንደሚሞት አውቃለሁ። ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጠርዙ ላይ «ይታይ» ይጻፍበታል፣ ከዚያ ማንም ባለቤቱን ሳይጠላው፣ ማንም ሳይወስንበት፣ ከፋይል ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ካሜሮን ከእስር ቤት በድብቅ ባወጣት ማስታወሻ የጠየቀው ጦር አልነበረም፤ ለንጉሡ ደብዳቤ መልስ ካልመጣ እንደማይፈቱ ነበር የገለጸው። አንድ ወረቀት ነበር የጎደለው። የንግሥቲቱ መልስ በ1864 ተጽፎ በእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በጥር 1866 ነው። ቆንስሉም ከአራት ዓመት በላይ ታስሮ በሚያዝያ 1868 ከመቅደላ ወጣ፤ በ1870 ሞተ።

ዐውደ ርእዩ የተከፈተው በኃላፊው ቃል ነው። አንዲት ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ደብተሯ ስትገለብጥ አይቼ ጠጋ አልሁና፣ «ልጄ፣ አልመለሰችም ብለሽ ጻፊው» አልኋት። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች።

«እዚህ ግን እንደዚያ አይልም» ብላኝ መገልበጧን ቀጠለች።