ስክሪኑን ለተጠቃሚው እጅ መስጠት፦ ከምርምሬ የተማርኩት

ሶፍትዌር አጠቃቀማችንን እያየ ራሱን ይቀያይር ወይስ መቀየሩን ለእኛ ይተወው? የሰውንና የኮምፒውተርን መስተጋብር በሚያጠኑ ዘንድ ክርክሩ የቆየ ነው። እኔ የምሠራው ተጠቃሚው በራሱ እጅ በሚያስተካክለው ገጽታ (ስክሪኑ ላይ በሚታዩት በተኖች፣ ሜኑዎችና አቀማመጣቸው) ላይ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ። በማይክሮሶፍት ኦፊስ 2000 ሜኑዎቹ ብዙም የማንነካቸውን ትእዛዞች ይደብቁ ስለነበር የቀሩት ቦታቸው ይለዋወጥ ነበር። እጅ የለመደውን ቦታ ሲያጣ ዓይን እንደ አዲስ ከላይ እስከ ታች መፈለግ ይጀምራል። ሊያ ፊንድላተርና ጆአና መግሬነር እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረቡት ሙከራም ቦታው የማይለወጥ ሜኑ ራሱን ከሚለዋውጠው ፈጥኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የመረጡት ግን ራሳቸው የሚያስተካክሉትን ነው።

ለጥናቴ ቀለል ያለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠራሁ። ማንኛውንም በተን ተጭኖ በመቆየት መደበቅ ወይም ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ክሊክም ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ሰዎቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየትን ግን በምንም አልለውጠውም። መዝገቡ የተደረገውን ይነግረኛል፤ ሰው ሊያደርገው ፈልጎ የተወውን አይነግረኝም።

በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ተሳታፊ ፋይል በከፈቱ ቁጥር በስተቀኝ የሚመጣውን ፓነል ይዘጉት ነበር። ፋይሉ ገና ተከፍቶ ሳያልቅ ማውሱን ወደዚያ ጥግ አስጠግተው ፓነሉ ብቅ እስኪል ይጠብቁታል። «ለምን ጭራሽ አያጠፉትም?» አልኳቸው።

«እሺ ላጥፋው፤ የፈለግኩት ቀን ከየት አመጣዋለሁ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የምርምሬ ትኩረት ወደ መመለሻው ዞረ። ዌንዲ ማካይ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ሶፍትዌራቸውን እንዳያስተካክሉ የጊዜ እጥረት እንደሚያግዳቸው፣ ለማስተካከል ከሚያነሳሷቸው ነገሮች አንዱም የለመዱት ሶፍትዌር በአዲስ ሲተካ መሆኑን አሳይተዋል። እኔም ይህንኑ አይቻለሁ፤ የምጨምርበት ፍርሃትን ነው። የተደበቀው ነገር በነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ተውኩ፤ መስመሩን ሲነኩት የተደበቀው ይመለሳል። ብዙዎቹ በድፍረት መደበቅ የጀመሩት ይህ ከተጨመረ በኋላ ነው። እኚያ ሴትም ፓነሉን ደበቁት፣ መመለሱን ለማረጋገጥ ወዲያው ከፈቱት፣ እንደገና ደበቁት፤ ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

ጥያቄ የሚቀርብበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ሰው ሥራ ላይ እያለ ስክሪኑ መሀል የሚዘረጋ መልእክት ሳይነበብ ይዘጋል። ያው ጥያቄ «ሁልጊዜ ዝግ ይሁን?» በሚል አጭር መስመር፣ ፓነሉ በተዘጋበት ጥግ፣ እጁ ካለበት አጠገብ ሲመጣ ግን ያነበዋል። ሶፍትዌሩ ሐሳብ ያቅርብ፣ ውሳኔው የሰውየው ይሁን። የምሟገተው ለዚህ ነው።

ሆኖም ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም። እጁ የሚንቀጠቀጥን ሰው ትንንሽ በተኖችን እየጎተትክ አስተካክል ማለት ሌላ እንቅፋት መደርደር ነው። ክሺሽቶፍ ጋዮስና ባልደረቦቹ የሠሩት ሰፕል የተባለው ሥርዓት የተጠቃሚውን የእጅ እንቅስቃሴ ለክቶ የሚስማማውን ገጽታ ራሱ ያመነጫል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን ለማሽኑ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ዓይነት ጥናት ለሚጀምሩ ስለ አለካክም አንድ ነገር ልበል። ላቦራቶሪ ውስጥ «አሁን አስተካክሉት» የተባለ ሰው ያስተካክላል፤ ያ ግን መታዘዙን እንጂ መፈለጉን አያሳይም። ስለዚህ ማስተካከያውን አንዴ አሳይቼ ዝም እላለሁ። ለማስተካከል የጠፋውንም ጊዜ ከሥራው ጊዜ ላይ እደምራለሁ። ሁለት ገጽታዎችን ሳወዳድር ደግሞ ግማሹ ተሳታፊ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው እንዲጀምር አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ ከልምምድ የመጣው ፍጥነት የገጽታው ብልጫ መስሎ ይቆጠራል።