በሬዲዮ ያልተሰማው ኮከብና የአንድ ነጥብ ቅሬታ

የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆኜ በምሠራበት፣ ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከፈተና በኋላ የሚቀርቡልኝ ቅሬታዎች አብዛኞቹ ከድምር ስሕተት የሚነሡ ናቸው፤ ወረቀቱ እንደገና ይደመራል፣ ነጥቡ ይስተካከላል፣ ተማሪውም አመስግኖ ይወጣል። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያቀረበችው ቅሬታ ግን የአንድ ነጥብ ጉዳይ ሆኖ ሳለ የመምህራን ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ሰነበተ።

ጥያቄው የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ሲሆን «ሁሉም የኒውትሮን ከዋክብት የሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ» ይላል። የኒውትሮን ኮከብ ማለት ግዙፍ ኮከብ ፈንድቶ ሲሞት የሚቀረው እጅግ የታመቀ እምብርት ነው። የመልስ ቁልፉ «እውነት»፣ የልጅቷ መልስ «ሐሰት» ነበር። ጥያቄውን ያወጡት በትምህርት ክፍሉ ረጅም ዘመን ያገለገሉ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው መምህር ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩንም የወሰዱት ራሳቸው አዘጋጅተው ለተማሪዎች ካደሉት ማስታወሻ ነው። ያለ ምክንያት አልጻፉትም። እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ጆስሊን ቤል በካምብሪጅ በየ1.34 ሰከንዱ የሚደጋገም የሬዲዮ ምት ካገኙ ወዲህ፣ ዛሬ ከሚታወቁት ከ3,000 በላይ ፐልሳሮች (እየዞሩ ምት የሚልኩ የኒውትሮን ከዋክብት) አብዛኞቹ የተገኙት በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። በሬዲዮ የሚፈልግ ሰው በሬዲዮ የሚሰማውን ብቻ ማግኘቱ ግን የሚጠበቅ ነው፤ ይህንን ያነሣችው ደግሞ ተማሪዋ እንጂ ከእኛ ማናችንም አልነበርንም።

ከመልሷ ጎን በእርሳስ «አርኤክስ ጄ1856.5-3754» ብላ ጽፋ ነበር። ይህ ኮከብ ሮሳት በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በመጠቀችው የኤክስሬይ ሳተላይት መረጃ አማካይነት በ1996 የታወቀ፣ ከእኛ 400 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ የኒውትሮን ኮከብ ነው። የገጽታው ሙቀት 700,000 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ብርሃኑን በአብዛኛው የሚያወጣው በኤክስሬይ፣ በሐኪም ቤት ራጅ በምንነሣበት የጨረር ዓይነት ነው። የምድር ከባቢ አየር ይህንን ጨረር ስለሚያስቀረው ከእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ሆነ ከጦሳ ተራራ ጫፍ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ የግድ ከአየር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። አጣማጅ ኮከብ ስለሌለው ኤክስሬዩ ከጎረቤት ተስቦ ከሚወድቅበት ጋዝ የመጣ ነው ሊባል አይችልም፤ ኮከቡ ሲፈጠር የያዘው ሙቀት ቀስ በቀስ እየወጣ ነው። ይህንና ስድስት መሰሎቹን የሬዲዮ ተመራማሪዎች በትልልቅ ቴሌስኮፖች አድምጠዋቸዋል፤ የተረጋገጠ የሬዲዮ ምት ግን አልተገኘባቸውም።

ጋሼ ልጅቷን ወደ መምህራን ክፍል አስጠርተው፣ በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት ተከራከሯት። «ልጄ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ በሌሊት አይተሽ የለም? የከባድ መኪናው መብራት የሚታይሽ ኩርባው ወደ አንቺ ሲያዞረው ብቻ ነው። የኮከቡም የሬዲዮ ጨረር ጠባብ ነው። ወደ እኛ አልዞረም ማለት አልበራም ማለት አይደለም።» እርሷም ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች ናትና መንገዱን ከእርሳቸው ባልተናነሰ ታውቀዋለች። «ልክ ነው ቲቸር፤ መብራቱ ግን ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ መሞቁን በኤክስሬይ አይተናል፤ መብራቱ መብራቱን ግን ማንም አላየም» አለች። ጋሼ ሳቁ፤ ነጥቡን ግን አልሰጡም።

እኔ እንደ ተጠሪ መወሰን ነበረብኝ፤ ነገሩ ደግሞ ለሁለቱም ወገን እንደመሰላቸው ቀላል አልነበረም። የጋሼ ተቃውሞ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የሚያነሡት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዞር የኒውትሮን ኮከብ የሬዲዮ ጨረሩ ይበልጥ ጠባብ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሰባቱም ለእኛ ጀርባ ሰጥተው ሊሆን ይችላል። ዝግተኛነት ብቻውንም ለዝምታ በቂ ማስረጃ አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ሚርካት ቴሌስኮፕ ያገኘውና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው አንድ ኮከብ አንዴ ለመዞር 76 ሰከንድ እየፈጀበት እንኳ የሬዲዮ ምት ይልካል። ትርታን ማጣትም ቢሆን በቶሎ ፍርድ የሚሰጥበት ነገር አይደለም፤ ተማሪዋ የጠቀሰችው ኮከብ በየ7 ሰከንዱ እንደሚዞር የታወቀው ከተገኘ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ምክንያቱም የኤክስሬይ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚለው በመቶኛ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው።

ሚዛኑን ያዘነበለው ግን «ሁሉም» የሚለው ቃል ነው። የኒውትሮን ኮከብ ዕድሜው ሲገፋ ዙረቱ ይዘገያል፤ ዙረቱ ሲዘገይ የሬዲዮ ሞገድ የሚፈጥሩትን ቅንጣቶች የሚገፋው የኤሌክትሪክ ኃይል ይደክማል፤ በመጨረሻም ምቱ ይቆማል ተብሎ ይታመናል። በጋላክሲያችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የኒውትሮን ከዋክብት እንዳሉ ስለሚገመት፣ አብዛኞቹ ዛሬ ዝም ያሉ አሮጌዎች መሆን አለባቸው። እንግዲህ ሰባቱ ከዋክብት ጉዳዩን ባይቆርጡትም እንኳ የልጅቷ መልስ ትክክል ነው ማለት ነው፤ ጋሼም በዚህ ላይ ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር የሥነ ፈለክ አልነበረም። ቁልፉ ወደ «ሐሰት» ቢቀየር ማስታወሻውን በታማኝነት ያጠኑ ተማሪዎች በሙሉ ነጥብ ያጣሉ። በስብሰባው ብዙ ከተነጋገርን በኋላ «ሐሰት» ላሉት እንዲጨመርላቸው፣ «እውነት» ያሉትም እንዳይቀነስባቸው ወሰንን። ውሳኔውን ስነግራት ልጅቷ ደስ አላላትም፤ «ቲቸር፣ ታዲያ የእኔ መልስ ከእነርሱ በምን ተለየ?» ስትል ጠየቀችኝ። በሳይንሱ እንደሚለይ፣ በነጥብ ግን ሊለይ እንደማይችል ነገርኳት። ይህ አሁንም የሚያጠግብ መልስ አይመስለኝም።

ጋሼ ማስታወሻቸውን አስተካክለው ጥያቄውን በሌላ ተኩ፦ «አንድ የኒውትሮን ኮከብ በኤክስሬይ እየታየ በሬዲዮ ሳይሰማ ሊቀር የሚችልባቸውን ሁለት ምክንያቶች ግለጹ፤ አንድ ኮከብ ብቻ በማድመጥ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ለምን እንደሚያስቸግር አስረዱ።» ጥያቄው አራት ነጥብ ይዟል፤ የመልስ ቁልፉም ግማሽ ገጽ ሆኗል። ለማረም ጊዜ ይወስዳል ብለው ያማርራሉ እንጂ ወደ እውነት ወይም ሐሰት ልመልሰው አላሉም።