በአነስተኛው ልክ የተሰናዳ ጉዞ፦ የወሎ ልጆች በሜዲትራኒያን ዳርቻ

ቱርክ እማር በነበረበት ጊዜ ከደሴና ከኮምቦልቻ ከመጡ ተማሪዎች ጋር ሆኜ ከፌትሂዬ እስከ አንታሊያ ያለውን የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ተጉዣለሁ። አሁን ደሴ ተመልሼ እየሠራሁ ነው፤ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደዚያው ለመሄድ የሚሰናዱ ወጣቶች ፒያሳ ተገናኝተን ቡና ስንጠጣ ስለዚያ ጉዞ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ስንት እንደፈጀ፣ በምን እንደሄድን፣ ይልቁንም ሳንቀያየም እንዴት እንደተመለስን ማወቅ ይፈልጋሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በሰው አገር አብረው ለሽርሽር ወጥተው ሲመለሱ ሰላምታ የተነፋፈጉ ጓደኛሞችን አይቻለሁ። እኛን ከዚህ ያተረፈን ገና ሳንነሳ ገንዘቡንም፣ የእግር መንገዱንም፣ ውኃ ውስጥ መግባቱንም ከመካከላችን አቅሙ ባነሰው ሰው ልክ ለመወሰን መስማማታችን ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበርን፤ ሁላችንም ኮንያ ነበር የምንማረው። ከፊሎቻችን ማደሪያና ወርኃዊ ድጎማ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነበረን፤ የቀሩት ደግሞ ከአገር ቤት በሚላክላቸው ገንዘብ የሚማሩ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ «እኔ ይህን ያህል አልችልም» ብሎ በሰው ፊት መናገር ቀላል አይደለም። ገንዘብ ያዥ ያደረግናት የኮምቦልቻዋ እኅታችን፣ እናቷ ለረጅም ጊዜ ዕቁብ የሰበሰቡ በመሆናቸው የሰውን ይሉኝታ አጥርታ ታውቃለች። እያንዳንዳችን ሳንጨነቅ ልናወጣ የምንችለውን ከፍተኛ መጠን ስም በማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት ላይ አስፍረን፣ አጥፈን፣ አንድ ኮፍያ ውስጥ እንድንጨምር አደረገች። ወረቀቶቹ ሲገለጡ ከሁሉም የሚያንሰው ቁጥር የሁላችንም መዋጮ ሆነ፤ ማን እንደጻፈው ያን ቀን የጠየቀ የለም፣ እስከ ዛሬም አልተጠየቀም። ከጋራው ገንዘብ የሚወጣው ለመኝታ፣ ለመንገድና ለቁርስ ብቻ እንዲሆን፣ ሌላው ግን በየግል እንዲሸፈን ወሰንን፤ እሷም የወጣውን ሁሉ በየምሽቱ ደብተሯ ላይ አስፍራ ሳታነብልን አትተኛም ነበር።

የገንዘቡን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከእኛ በፊት የሄዱ ተማሪዎች የነገሩን ዋጋ ብዙም እንዳልጠቀመን መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የቱርክ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ80 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን የአምና ዋጋ ለዘንድሮ መነሻ አይሆንም። ስለዚህ በየከተማው ላሉ ፓንሲዮኖች፣ ማለትም ቤተሰብ ለሚያስተዳድራቸው ትናንሽ ማረፊያዎች፣ አስቀድመን ስልክ ደውለን ቁርስ መኖር አለመኖሩንና በአንድ ክፍል ስንት አልጋ እንዳለ ጠየቅን። አንዱ ማረፊያ ግን በስልክ የተስማማንበትን ክፍል ለሌላ እንግዳ ሰጥቶ ጠበቀን፤ ከዚያ ወዲህ የስልክ ቃል በጽሑፍ መልእክት እስኪረጋገጥ ድረስ ቃል እንዳልሆነ ቆጥረን ሄድን።

የተነሣነው ዕንቁጣጣሽን ካከበርን በኋላ በመስከረም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዳርቻው በአገሬውና በአውሮፓ ጎብኚ ይጨናነቃል፤ በሁለቱ የባይራም (የዒድ) በዓላት ሰሞን ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት ቀድሞ ያልቃል። መስከረም ላይ ሕዝቡ ይሳሳል፣ ባሕሩ ግን በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የከረመ በመሆኑ ሙቀቱ አይለቅም። ከኮንያ በሌሊት አውቶቡስ በቀጥታ ሩቁ ጫፍ ፌትሂዬ ወርደን፣ ከዚያ ዳርቻውን ይዘን በየቀኑ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ቤት፣ እየተጠጋን እንድንመጣ አቀድን። ከከተማ ከተማ የምንሄደው ዶልሙሽ በሚባሉት ሚኒባሶች ነበር፤ መንገዱ በአንድ በኩል ተራራ በሌላው በኩል ገደልና ባሕር የያዘ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ሐረጎን ሲወርድ ያደገ ሰው የማይደነግጥበት ጠመዝማዛ ነው።

ስለ አውቶቡሱ አንድ ነገር ልጨምር። የረጅም ርቀት አውቶቡሶች ዝምድና የሌላቸውን ወንድና ሴት ጎን ለጎን አያስቀምጡም፤ ትኬት በየግል የሚገዛ ቡድን መቀመጫው ይበታተናል፣ አንዳንዴም ለመጨረሻው ሰው ቦታ ይጠፋል። ሰባቱን ትኬት ባንድ ላይ መግዛታችን ከዚህ ጣጣ ገላግሎናል። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድም ዋናው በእጅ መሆን አለበት፤ በመንገድ ላይ የጃንዳርማ (የገጠር ጸጥታ አስከባሪ) ፍተሻ ስላለ ፎቶ ኮፒ አይበቃም።

ፌትሂዬ ከተማ ጀርባ ካለው ገደል ላይ የዚያ ዳርቻ የጥንት ነዋሪዎች የነበሩት የሊቅያውያን መቃብሮች በዐለት ተፈልፍለዋል፤ ትልቁ የአሚንታስ መቃብር የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ከወሎ ለሄደ ሰው ዐይኑ ወዲያው የሚፈልገው ላሊበላን ነው። ነገር ግን ቀርቦ ሲያዩት የሊቅያው ጠራቢ የደከመው ለፊት ገጹ ነው፤ ዓምዶቹና ጣሪያው እጅግ ያማሩ ሲሆኑ ከበሩ ወዲያ ያለው አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ናት። ላሊበላ ግን ከውስጥም ከውጭም፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ከዐለቱ ተለይቶ የወጣ ሕንፃ ነው። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ይበልጥ የገባኝ እዚያ ሰው አገር ቆሜ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሰብንበት ጉዳይ ውኃው ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ስለነበር፣ ከመነሳታችን በፊት ስደውልለት «ልጄ፣ ባሕር ልቡ አይታወቅም፤ የሚዋኘውን ሳይሆን የማይዋኘውን ጠብቁ» አለኝ። ከመካከላችን የሚዋኘው አንድ ወንድማችን ብቻ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ከዘመዶቹ ጋር ስላደገ በልጅነቱ ከሐይቁ አይወጣም ነበር። እሱ ራሱ የጨው ውኃ ሰውን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ መጀመሪያ ሲገቡ ድፍረት እንደሚሰጥ፣ ማዕበሉና ወደ ውስጥ የሚጎትተው ሞገድ ግን ሐይቅ ላይ ከሚያውቀው ጋር እንደማይገናኝ ነገረን። ስለዚህ የማይዋኝ ሰው ከወገቡ በላይ እንዳይገባ፣ ማንም ብቻውን እንዳይገባ፣ ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ቦታ ደግሞ እግሩን እንኳ የሚያስነካ እንዳይኖር ተማማልን።

ይህ ደንብ የት መታጠብ እንዳለብንም ወሰነልን። ኦሉዴኒዝ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ውኃ አለ፤ አንደኛው አሸዋ ከልሎት እንደ ኩሬ የተኛ፣ ሁለተኛው ለባሕሩ የተከፈተና ጥቂት እርምጃ ሲገቡ ድንገት የሚጠልቅ ነው። የተከፈተው ነጻ ነው፣ ለተከለለው መግቢያ ይከፈላል፤ እኛ ከፍለን የተከለለው ውስጥ ገባን፣ ክፍያውም ከደንባችን ውጭ ቢሆንም ከጋራው ገንዘብ ወጣ። ከባባዳግ ተራራ በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም በክንፍ መሰል ሸራ፣ መብረር የፈለጉ ሁለት ልጆች በግላቸው ከፍለው፣ ሌላው ከግማሽ ቀን በላይ እንዳይጠብቃቸው ተነጋግረን ሄዱ። ፓታራ ደግሞ 18 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አሸዋ ነው፤ የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን የሚቀብሩበት በመሆኑ በመራቢያቸው ወራት ማታ ማታ ለሰው ዝግ ይሆናል። ጎጆአቸው ያለበት ቦታ ምልክት ስለተደረገበት በዚያ መካከል ጃንጥላ መትከል አይገባም።

በምግብ በኩል የፈራነውን ያህል አልተቸገርንም። ሙስሊሞቹ ወንድሞቻችን ስለ ሥጋው የሚጨነቁበት ምክንያት አልነበረም፤ ረቡዕና ዓርብ ለምንጾመው ደግሞ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርበው ባቄላ፣ ባሚያና ደበርጃን እጅግ ተስማምቶናል። የምስር ሾርባው ግን ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። በጾም ቀን ምሳ ሁላችንም ከጾመኛው ጋር አንድ ዓይነት እንብላ ያሉት ሙስሊሞቹ ናቸው፤ ወሎ ላይ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ካሽ ከተማ ላይ ሲደርሱ ፊት ለፊት ሜይስ የምትባል የግሪክ ደሴት ትታያለች፤ ጀልባው የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንዳንዶቻችን ደርሶ መመለስ አምሮን ነበር፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ያስፈልገዋል፣ የቱርክ መኖሪያ ፈቃድ ይህን አይተካም። በዚያ ፋንታ ኬኮቫ ሄድን። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የምድር መንቀጥቀጥ ያሰመጣት ከተማ ደረጃዎችና ግድግዳዎች ከጀልባው ጎን፣ ጥርት ባለው ውኃ ሥር ይታያሉ፤ ቅርሱ እንዲጠበቅ ስለተፈለገ እዚያ መዋኘት ክልክል ነው። ደምሬ ላይ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚራ (የደምሬ የጥንት ስሟ ነው) ጳጳስ የነበረውን የቅዱስ ኒቆላዎስን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን፤ ዐፅሙ እ.ኤ.አ. በ1087 ወደ ጣሊያኗ ባሪ ከተማ ተወስዷል።

የደመራው ዕለት ማታ ቺራሊ ነበርን፤ ይህንንም ያቀድነው አስበን ነው። ከመንደሩ ከፍ ብሎ ያናርታሽ የሚባል ዐለታማ ተዳፋት አለ፤ ከምድር ውስጥ የሚወጣ፣ አብዛኛው ሚቴን የሆነ ጋዝ በዐለቱ ስንጥቅ ሾልኮ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ሳይጠፋ ይነዳል። ወደ ላይ የሚወስደው የድንጋይ መንገድ በጨለማ የሚወጣ በመሆኑ ጉልበቷን የሚያማትን እኅታችንን ከፊት አስቀድመን፣ እሷ ስትቆም ቆመን፣ ስትራመድ ተራምደን ወጣን። እሳቶቹ እዚህም እዚያም ናቸው፤ አንዳንዱ የጉልበት ያህል ይነሣል፣ አንዳንዱ እንደ ሻማ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ጠፍቶ መልሶ በራሱ ይያያዛል። አንድ የቱርክ ቤተሰብ አንዱ ነበልባል ላይ ሻይ ጥዶ ደረስንበት፤ ዕለቱ ለእኛ ምን እንደሆነ ስንነግራቸው ቦታ ለቀው ብርጭቆ አቀበሉን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድነት ደሴ ላይ በልጅነቱ የሰማውን የደመራ ዜማ እያነሣ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። ከአገር ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ የጠገብኩት በዓል አልነበረም።

አንታሊያ የቆየነው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ እ.ኤ.አ. በ130 ለመጣበት መታሰቢያ የተሠራውን በር አይተን፣ የታውረስን ተራራ አቋርጦ ወደ ኮንያ የሚወስደውን አውቶቡስ ያዝን። ገንዘብ ያዣችን ደብተሯን የዘጋችው ገና አውቶቡሱ ውስጥ ሳለን ነው፤ የተረፈውን ለሰባት አካፍላ እዚያው እጃችን ላይ ሰጠችን። ሒሳብ ከጉዞ በኋላ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ያ ቀን እንደማይመጣ ከእናቷ የተማረችው ነው። አሁን ሊሄዱ ለተሰናዱት የደሴ ልጆች የሰጠኋቸው ያንኑ የደብተሯን ፎቶ ነው፤ ዋጋውን እንዲያልፉት፣ የወጪውን ዓይነትና ቅደም ተከተሉን ብቻ እንዲወስዱ ነግሬአቸዋለሁ።